ለሚስቴ የገጣጠምኳት መኪና

የስፌት መኪና በኑግ ዘይት አይቀባም። ይህን አንድ ነገር በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደተናገርኩት የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ለገበሬው ነገርኩ፤ ለነጋዴው ነገርኩ፤ ለቄሱም ነገርኩ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኝና ይሄዳል፤ ከርሞ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ኑግ እንደ ሙጫ የደረቀባትን መኪና በአህያ ጭኖ ይመጣል። "ምን ሆነችብህ?" ስለው "እኔስ ምን አውቄ፤ ዝም አለች" ይለኛል። ዝም ባትል ነበር የሚገርመኝ።

ይህን የምጽፈው ከተቀመጥኩበት ለመነሣት ወገቤን መለማመጥ በጀመርኩበት ዕድሜ ላይ ነው። ድካሙ ግን የዛሬ ብቻ አይደለም። ያኔ በንጉሡ ዘመን፣ ገና ጎልማሳ ሳለሁም ደክሞኝ ነበር። ንፋስ መውጫ መብራት አልገባባትም፤ ከጎንደርም ሆነ ከደሴ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር የሚመጣው። እኔ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለ አንድ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ አቧራውን ከገበያው አንሥቶ እኔ ላይ ይደፋዋል፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከመኪናዬ ላይ አቧራ እጠርጋለሁ።

መስፋቱን ደብረ ታቦር አንድ ሽማግሌ ሰፊ ዘንድ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። መጠገኑን ግን ያስተማረኝ የለም። መኪናዬ ስትቆም የሚያስነሣልኝ ሰው በአገሩ ስላልነበረ፣ እየፈራሁ ፈታኋት፤ እየፈራሁ ገጠምኳት፤ ሄደች። አንድ ሰው መፍታትና መግጠም ይችላል የተባለ እንደሆነ ደግሞ ከላይ ጋይንት እስከ ስማዳ የቆመው መኪና ሁሉ እሱ ደጅ ነው የሚወድቀው። ማረፍ ቀረ።

ሰዎቹ በኑግ የሚቀቧት ሞኝ ሆነው አልነበረም። ትክክለኛው የመኪና ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ከጎንደር ይመጣል፤ አለቀ ማለት አለቀ ነው። ስለዚህ በፍስኩ ወራት ቅቤ ይቀቧታል። ጾም ሲገባ ግን ነገሩ ይከብዳል። መኪናዋ የካህን ቀሚስ ትሰፋለች፤ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ትዘመዝማለች። በዐቢይ ጾም ቅቤ የጠጣች መኪና የሰፋችው ቀሚስ እንዴት ቅዳሴ ይገባል? ስለዚህ በጾም ኑግ። አንድ ከወገዳ የመጣ ሰው፣ ፊቱ ላይ ጭንቀት እየታየ፣ "ረቡዕና ዓርብስ እንዴት ላድርግ?" ብሎ ጠይቆኛል። ልስቅበት ብዬ ነበር፤ ሰውየው ከልቡ ነበርና ሳቄን ዋጥኩት።

ቅቤው ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል፣ ሲቆይም ብረቱን ያዝገዋል፤ ግን አይገድላትም። የሚገድላት ኑጉ ነው። ኑግ ሲሰነብት ይደርቃል፤ ሲደርቅ መገጣጠሚያውን ሁሉ ይይዘዋል። ባለቤቱ መዘውሩን ሊያዞር ሲል እምቢ ትለዋለች። በሬ የለገመበት ይመስለውና ጉልበት ይጨምራል። ያኔ ከታች በኩል፣ መወርወሪያዋን የምታመላልሰው ቀጭን የብረት ክንድ ቀጭ ትላለች። መወርወሪያ የምንለው፣ ልክ እንደ ሸማኔው፣ የታችኛውን ክር ይዞ ወዲያና ወዲህ የሚሄደውን ትንሽ ብረት ነው። ክንዷ ከተሰበረች መኪናዋ መዘውሯ ይዞራል፣ መርፌዋ ይወጣል ይገባል፤ አንድ ስፌት ግን አትሰፋም።

እንደዚህ የሞቱትን እኔ እሰበስባለሁ። ከጣልያን ጊዜ የተረፈ የጥይት ሣጥን ነበረኝ፤ ውስጡ ቡሎን፣ ሞላ፣ የመርፌ መያዣ፣ የክር ማጠንጠኛ ሞልቶበታል። ከአንዷ መዘውር እወስዳለሁ፤ ከሌላዋ ጥርስ። አንዷ ጨጨሆ ላይ ከነበቅሎዋ ገደል የገባች ናት፤ ጭንቅላቷ ለሁለት ተከፍሎ ሆዷ ግን ደህና ነበር። እንዲህ እያልኩ ከሞቱት አንድ በሕይወት ያለች አወጣለሁ። መጀመሪያ መታጠብ አለባቸው፤ ላምባ ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፣ ከዚያ የደረቀውን ኑግ በእሾህ መፋቅ፣ ቀዳዳውን በዶሮ ላባ ማጽዳት፣ ዝገቱን በአመድ ማሸት ነው። ይህን አሰልቺ ሥራ የምትሠራው ሚስቴ ነበረች። ከእኔ የተሻለች ናት፤ እኔ ቶሎ እናደዳለሁ።

ሚስቴ የእስቴ ልጅ ናት። አባቷ ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ የሚኖሩ፣ በአገራቸው ቃላቸው የሚሰማ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ለእኔ ሲሰጡ ደስ ብሏቸው አልነበረም፤ የማያርስ ወንድ አይወዱም። ሆኖም ሰፊነት ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራ፣ እጅ የማያቆሽሽ ሥራ ነው ብሎ አንድ ዘመዳቸው አግባባቸው። እጅ የማያቆሽሽ! ያን ዘመድ ላምባ ከተነከረው እጄ ጋር ባስተዋወቅሁት።

አንድ ቀን ሚስቴ የተዘፈዘፈ ብረት እየፋቀች ቀና ሳትል፣ "አንቱ፣ የሰው መኪና ሳጥብ ልኖር ነው? አንዷን ለእኔ ግጠሙልኝ" አለችኝ።

"አንቺ ምን ልትሠሪባት?"

"ምን ይሠራባታል? ልሰፋባት ነዋ።"

በዚያ ጊዜ ሴት ፈትላ እንጂ በመኪና ሰፍታ በአገራችን አላየሁም። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ስትፈልግ ትፈልጋለች። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ ጎኔ የሚቀመጥ ሌላ ሰፊ ቢኖር ትከሻዬ እንዴት ባረፈ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ገጣጠምኩላት። የገደል መውደቅ ካልነካው ሆድ፣ ከስማዳ ከመጣች ራስ፣ ካንዲት እግር ካጣች መኪና መዘውር። ሁሉም ልክ ልኩን አገኘ፤ የቀረው ያቺ የመወርወሪያ ክንድ ብቻ ነበረች። እሷን ፍለጋ ሣጥኑን ገለበጥኩት። ያሉኝ መኪኖች በሙሉ በአንድ ሕመም የሞቱ ናቸው፤ በሁሉም የተሰበረችው ክንዷ ናት፤ ጨጨሆ ገደል የገባችውም ክንዷ ተሰብራ ለጥገና ወደ እኔ ስትመጣ ነበር። ኑግ ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ሰብሯቸዋል። ሌላ ሌላው መለዋወጫ ሞልቶኝ፣ የምፈልጋት አንዷ ብቻ የለችም። ከአዲስ አበባ ላስመጣ ብል ዓመት ነው፤ መምጣቷም አይታወቅም። መሬት ላይ ተቀምጬ ሣጥኑን ስመለከት እንባዬ መጣ። ሰው ለብረት ያለቅሳል? አለቀስኩ።

ሚስቴ "ቀጥቃጩ አይሠራትም?" አለች።

ከከተማዋ በታች፣ ወንዙ ዳር አንድ ቀጥቃጭ ይኖር ነበር። አገሩ በሙሉ የሚያርሰው እሱ በሳለው ማረሻ፣ የሚያጭደው እሱ በሠራው ማጭድ ነው፤ እሱ ቤት ግን ውሃ የሚቀምስ የለም። ጠይብ ይሉታል። ጠይብ ማለት በእሳት ብረት የሚነካ ብቻ ሳይሆን ዓይኑ ሰው የሚበላ ማለት ነው በሰዉ አፍ። ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ ሰው እንኳን ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የእኔ ጉዳይ ግን ራቅ ብሎ ቆሞ የሚያልቅ አልነበረም። ክንዷ በፀጉር ስስነት ልክ መሆን አለባት፤ እየተሞከረች፣ እየተሞረደች፣ እንደገና እየተሞከረች ነው የምትገጥመው። መኪናዋን አቅፌ እኔ፣ ሞረዱንና የተሰበረውን ክንድ ይዛ እሷ፣ በጠራራ ፀሐይ ወረድን።

ቀጥቃጩ ዝምተኛ ሰው ነው። የተሰበረውን ክንድ እጁ ላይ አገላብጦ አየና "ብረቱ ጥሩ ካልሆነ አይረባም" አለ። የተሰበረ የልብስ መቀሴን ሰጠሁት፤ ከእሱ የተሻለ ብረት አልነበረኝም። ምድጃውን አቀጣጠለ። ወዲያው ችግር መጣ፤ ወናፍ የምትነፋለት ሚስቱ ናት፣ ሚስቱ ደግሞ አራስ ነበረች፣ ከጎጆው ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። እሱ አንድ እጁ ጉጠት፣ አንድ እጁ መዶሻ ይዟል። እኔ መኪናዋን አጋድሜ ሆዷን ከፍቼ መለኪያውን ይዣለሁ። ከሰሉ መደብዘዝ ጀመረ።

ሚስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ቁጢጥ ብላ ሁለቱን የወናፍ ቆዳ በሁለት እጇ ጨበጠች።

ቀጥቃጩ ደነገጠ። "ኧረ ይተዉት እመቤቴ፤ ሰው ያያል" አላት።

"ብረቱ ይቀዘቅዛል" አለችው፤ ነፋችው።

መጀመሪያ የሠራት ውሃ ውስጥ ስትገባ ተሰነጠቀች። እንደገና አጋለ፣ እንደገና ቀጠቀጠ፤ እኔ እንደገና ሞረድኩ፣ እንደገና ገጠምኩ፣ ጠበቀች፣ አወጣሁ። ሚስቴ ስትነፋ ፊቷ በላብና በአመድ ተለውሶ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክንዷ ቦታዋ ገባች። ሚስቴ ያን የቆሸሸ እጇን እንኳን ሳትጠርግ መዘውሩን ያዘችና በእራፊ ጨርቅ ላይ አዞረችው። ሰፋች። ቀጥቃጩ እንኳን ሳቀ። ውኃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች ከወዲያ ማዶ ቆመው ያዩን ነበር፤ እኛ ግን ያን ጊዜ የምናየው ስፌቱን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ገበያ ስሜ ተለወጠ። "ሰፊው" የነበርኩት ሰውዬ "ጠይቡ" ሆንኩ። ፊት ለፊት የሚለኝ የለም፤ ጀርባዬን ስሰጥ ነው። አንድ ደንበኛዬ የቆረጥኩለትን እጀ ጠባብ ሳይሰፋ፣ ብትን ጨርቁን ሰብስቦ ይዞ ሄደ። አራስ ሴቶች በበረንዳዬ ሲያልፉ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ የመጣውን ሁሉ "ምን ያየኸው አለ?" እያልኩ ተጣላሁ። ከዚያ ቁጣውም ደከመኝ። ሰው ስንቱን ያስረዳል? ኑጉን ማስረዳት ያቃተኝ ሰው፣ ይህን አስረድቼ ልችለው ነው?

"ጠይብ ብንሆንስ? ያ ሰውዬ ምን ጎደለው?" አለችኝ ሚስቴ።

ወሬው እስቴ ለመድረስ ብዙ አልቆየም። አዝመራው ተሰብስቦ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አማቴ መጡ። አብረዋቸው ሁለት ሽማግሌዎችና የቤተሰቡ የነፍስ አባት ነበሩ። ያን ሁሉ አቀበትና ቁልቁለት በእግራቸው ነው የመጡት፤ አማቴ ከሠርጋችን ጊዜ ይልቅ አጥረው ታዩኝ። "ይግቡ" ብላቸው አልገባም አሉ። ደጅ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። ሚስቴ አባቷን ለመሳም ስትቀርብ በእጃቸው ከለከሏትና "ግቢ፣ እንጠራሻለን" አሏት። ገብታ ከበሩ ኋላ ቆመች። ለምን እንደመጡ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጠይብ ቤት ልጅ አይኖራቸውም፣ ሊወስዷት ነው።

"ልጄን ስትወስድ ሰፊ ነበርክ" አሉኝ አማቴ።

"አሁንም ሰፊ ነኝ አባቴ።"

"አገሩ ሌላ ይላል።"

የነፍስ አባታቸው ነገሩን በእርጋታ ያዙት። "እስቲ እንጠይቅህ ልጄ፤ ሳትቆጣ መልስልን። ብረት በእሳት አግለሃል?"

"አላጋልኩም አባ።"

"በመዶሻ ቀጥቅጠሃል?"

"አልቀጠቀጥኩም። ሞረድ አለኝ፤ ካቻቪቴ አለኝ። እነዚህ የሰፊ መሣሪያዎች ናቸው።"

"ወናፍስ? ወናፍ ነፍተሃል?"

"አልነፋሁም።"

"ይህን ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመህ ትምልልናለህ?"

"እምላለሁ።"

አንዱም ውሸት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አማቴ ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ከመጡ ጀምሮ ደረታቸው ላይ ይዘውት የነበረ ትንፋሽ ነው። ፊታቸው ሲፈታ፣ ዱላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ወደ ጎን ሲያስቀምጡት አየሁ። ያን ሁሉ መንገድ ያስመጣቸው ወሬ ሐሰት ሆኖላቸው ደስ አላቸው። ወደ በሩ ዘወር ብለው፣ "እስቲ ውሃ ስጪኝ ልጄ" አሉ።

እኔም ትንፋሼ ተመለሰ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ነገ እምላለሁ፣ ይሄዳሉ፣ እኛም እናርፋለን።

ሚስቴ ውሃውን በዋንጫ ይዛ ወጣች። ተንበርክካ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። ተቀብለው ወደ አፋቸው ሊወስዱት ሲሉ፣ "አባየ፣ ሳይጠጡ አንድ ነገር ይስሙኝ" አለች።

"ምን?"

"እሱ ያለው እውነት ነው። ወናፉን የነፋሁት እኔ ነኝ።"

አማቴ ዋንጫውን ሳይቀምሱት ቀስ ብለው መደቡ ላይ አኖሩት። ቢደፉት ይሻል ነበር መሰለኝ።

"ተነሽ" አሉ አማቴ። "እናትሽ ትጠብቅሻለች። ጠበል ትጠመቂያለሽ። ኸዚህ ቤት ውጪ፣ ሌላውን እኔ ዐውቃለሁ።"

"በምን ረክሼ ነው የምጠመቀው አባየ?"

"ተነሽ ብየሻለሁ።"

"አልሄድም።"

እንዲህ ስትል ድምፅዋ ከፍ አላለም። እንዲያውም የደከማት ሰው ድምፅ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ ሊለምናት ጀመረ፤ አባት ነው፣ ገላጋይ ይግባ፣ ጥቂት ቀን ሄደሽ ተመለሽ አላት። ራሷን ነቀነቀች። አማቴ ዱላቸውን አነሡ።

"እንግዲያስ ኸዚህ ቤት ልጅ የለኝም። እናትሽም ልጅ የላትም፤ ደጅሽን ትረግጥ እንደሆን አያለሁ" ብለው ተነሡ።

እግራቸው ላይ ወደቀች። እግራቸውን አላሸሹም፤ እጃቸውንም አላሳረፉባት። እሷ ስትለቃቸው ሄዱ። ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። የነፍስ አባታቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ ወደ እሷ አዩ፣ ወደ መንገዱ አዩ፣ ከዚያ ከጉያቸው መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉላት። ተሳለመች። ከዚያ ተከትለዋቸው ሄዱ።

ጮኽኩባት። በትዳራችን እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም። ጨርሰነው አልነበረም ወይ? ማን ጠየቀሽ? እሷ ያንን ሙሉ ዋንጫ ይዛ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አንቱ ነገ ምለው ይመልሷቸዋል" አለችኝ። "ከነገ ወዲያ አንዲት ውሃ ቀጂ 'ልጅዎን በዓይኔ አይቻለሁ' ትላቸዋለች። ያን መንገድ እንደገና ሊመጡ? እግራቸውን አላዩትም? አብጧል እኮ። ደግሞ ኸእጄ ጠጥተው በኋላ ቢሰሙት አንጀታቸው ያርራል። አሁኑኑ ይስሙት ብየ ነው።"

ይህን ስሰማ ንዴቴ ሄደ፤ የቀረኝ ድካም ብቻ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማታ ድረስ አንዳችንም አልተነሣንም።

መኪናዋ ሰፋች። ከእኔዋ ይልቅ የእሷ ጸጥ ያለች ነበረች። በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሰፋ መጀመሪያ የመጣችው የአንድ እስላም ነጋዴ ሚስት ናት፤ የልጆቿን ልብስ ይዛ፣ የሰዉን ወሬ እንዳልሰማ ሆና። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ መጡ። ሴት ለሴት ደረቷን ማስለካት ይቀላታል፤ ወሬውን ያሸነፈው ይህ ነው እንጂ የእኛ ደግነት አይደለም። ለጥምቀት ልብስ የሚሻ ሰው ደግሞ ጠይብም ሰፋው ሌላም ሰፋው፣ ልብሱ ደርሶለት ነው የሚፈልገው። እያደር ስሙ ራሱ ለዛውን አጥቶ ለጨዋታ ሆነ። ቀጥቃጩ ሌላ ክንድ፣ ሌላ ጥርስ ሠራልን፤ እኔም ኑግ አትቀቡ እያልኩ ዘመኔን ፈጀሁ።

እስቴ ግን ዝም አለች። ወንድሟ ሲያገባ ከመንገደኛ ሰማን። ታናሽ እህቷ ስትወልድ ከመንገደኛ ሰማን። በገበያ ቀን ከእስቴ በኩል የሚመጣውን ሰው ሁሉ ሚስቴ መዘውሯን አቁማ ታየዋለች፤ የምታውቀው ፊት ከሆነ ሰውዬው ዓይኑን ይሰብራል፤ እሷ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። ታልቅስ አላልቅስ አላውቅም፤ እኔ ፊት አላለቀሰችም። "እንሂድና ደጃቸው ላይ እንውደቅ" ብላት "አባየ ይታመሙብኛል" ትለኛለች። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት አለፈ። ልጠግንላት የምችለው ነገር አልነበረም፤ ለዚህ ሣጥኔ ውስጥ የሚሆን አልነበረኝም።

አንድ ክረምት ሲወጣ፣ ባቄላ የሚነግድ ሰው በረንዳችን ላይ አህያውን አቁሞ አንድ ጥቅል አወረደ። አቡጀዲ ነው፤ ላዩ ላይ የተገመደ ክር ታስሮበታል። "አንዲት ሴት እስቴ ገበያ ላይ ሰጡኝ" አለ። "ቀሚስ ነው የሚፈልጉት። 'የምትሰፋዋ ሴት ራሷ ትስፋው፣ በራሷ መኪና' ብለዋል። ማን ልበል ብላቸው ዝም አሉ። ስመለስ እወስደዋለሁ።"

በእኛ አገር ሩቅ ያለ ሰው ልብስ ሲያሰፋ ልኩን በክር ነው የሚልከው። አንዱ ቋጠሮ ከትከሻ እስከ ተረከዝ ነው፤ አንዱ የእጁን ርዝመት ያሳያል፤ የመጨረሻው የወገቡ ዙሪያ ነው። ሰፊው ቋጠሮውን ያነባል። ሚስቴ ክሩን ፈትታ ከትከሻዋ ለቀቀችው፤ ቋጠሮው ልክ ተረከዟ ላይ ደረሰ። እጇ ላይ አኖረችው፤ ልክ አንጓዋ ላይ ደረሰ። ክሩን እንደገና ከትከሻዋ ለቅቃ ለካችው። እሷና እናቷ በቁመት አንድ ናቸው፤ ልጃገረድ ሳለች የእናቷን ቀሚስ ሳያሳጥሩላት ትለብስ እንደነበር ነግራኛለች። የሠርጋችን ቀንም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ በቁመት መንታ ይመስሉ ነበር።

ከዚያ የወገቡን ክር በራሷ ወገብ ላይ አዞረችው። ጫፉና ቋጠሮው አልተገናኙም። ሳበችው፤ አልደረሰም። በመካከላቸው የቀረው የራሷ ቀሚስ ነበር፤ ከአንድ ስንዝር ይበልጣል። እናቷ ሞላ ያለች፣ ከእሷ የወፈረች ሴት ነበረች።

"ከስታለች" አለች።

ጨርቁን መሬት ላይ ዘርግታ መቁረጥ ጀመረች። እኔ ሰፊ ነኝና ሳላስበው ዓይኔ ልኩ ላይ ነበር፤ ወገቡ ላይ ስትደርስ ከክሩ አልፋ ስትቆርጥ አየሁና፣ "ሰፋብሽ እኮ፤ ልኩ እዚህ ነው" አልኳት።

"ልኩን አይቻለሁ" አለች፤ መቀሱን አላቆመችም። "ድና ትወፍርበት ይሆናል።"

ቀኑን ሙሉ ሰፋችው። እኔ እጄን አላስገባሁም። ዘምዝማ ስትጨርስ ጠቀለለችውና በዚያው በመጣበት ክር አሠረችው፤ ነጋዴው ሲመለስ ተቀብሎን ሄደ። ከዚያ በኋላ ከእስቴ ሌላ ክር አልመጣልንም።